እትዬ ምስማር ያላለቀሰችው ለቅሶ

የሰፈሩ ሰው «እትዬ ምስማር» የሚላት ክፉ ሆና አይደለም። ሥራዋ ሶፋ ማደስ ነው፤ ሶፋ የሚያድስ ሰው ደግሞ ሁለቱም እጁ ሁልጊዜ እንደተያዘ ነው። በግራዋ ጨርቁን ወጥራ፣ በቀኟ መዶሻዋን ጨብጣ፣ ለትንንሾቹ ምስማሮች ሦስተኛ እጅ ስለሌላት በከንፈሮቿ መሃል ትደረድራቸዋለች። አንድ በአንድ በምላሷ እየገፋች ታወጣለች፣ ትመታለች፣ ደግሞ ታወጣለች። ደንበኞቿ ለምደውታል። «እም» ካለች አዎ ነው፤ «እምም» ካለች አይሆንም ነው፤ ቅንድቧን ሰቅላ ዝም ካለች ደግሞ «ይሄን ጨርቅ ማን ሸጠልህ? ሂድና መልስለት» ማለቷ ነው። «አንድ ቀን ትውጪዋለሽ» ሲሏት ትስቃለች።

«ምስማር ቀርቶ ቂም እንኳ ውጬ አላውቅም። ሆዴ አይስማማውም።»

ሙያውን ያገኘችው ከባሏ ነው። እሱ አናጺ ነበር፤ እንጨቱን እሱ ይሠራል፣ እሷ ታለብሳለች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ታሞ በሳምንቱ ሲሞት ሰው ሁሉ «ወርክሾፑን መሸጧ ነው» ብሎ ነበር። ሐዘንተኛው ከቤቷ ወጥቶ ሳያልቅ፣ የሱን ሽርጥ በቁመቷ ልክ አሳጥራ ታጥቃ ገባች። እንጨቱንም ራሷ መጋዝ ጀመረች። በመጀመሪያው ዓመት የሠራቻቸው ወንበሮች ትንሽ ይንገዳገዱ ነበር፤ አንዱ ደንበኛ «እትዬ፣ ወንበርሽ ጠጥቶ መጣ» ብሎ መልሶላታል። በሁለተኛው ዓመት ግን መንገዳገዱ ቀረ። አንድ ልጇን በዚያ መዶሻ አሳደገች፣ አስተማረች፣ ዳረች። ልጁ ዛሬ በሌላ ከተማ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው።

ወርክሾፑ ከፊት ለፊት ነው፣ መኖሪያዋ ከኋላ፤ በመሃል ያለው አንድ በር ብቻ ነው። የመኖሪያ ክፍሏ ግድግዳ ቢጫ ነው። ከመስኮቱ ሥር ባለ ሦስት መቀመጫ አረንጓዴ ሶፋ አለ። አጥንቱ የባሏ ሥራ ሲሆን ልብሱን እሷ አራት ጊዜ ቀይራለታለች። ፊት ለፊቱ ልጇ የገዛላት ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፣ ከጎኑም እንዲሁ ልጇ ያመጣው ፍሪጅ ቆሟል።

ቴሌቪዥን ታያለች፤ አተያይዋ ግን እንደ ሰው አይደለም። ድራማ ሲጀመር ሰው ሁሉ ማን ማንን እንደከዳ ይከታተላል፣ እትዬ ምስማር የምትከታተለው የተቀመጡበትን ነው። «ይሄ ሰውዬ ባለ ፋብሪካ ነው ይላሉ፣ የሶፋው ስፖንጅ ግን ወርዷል» ትላለች። «ያቺን ሶፋ አየሻት? ባለፈው ሳምንት የዳኛው ቤት ነበረች። ዛሬ የሌባው ቤት ገብታለች።»

ይህን የምትሰማት አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤቷ ጸጉር ሠሪዋ ናት። የሁለቱን ቤት አንድ ግድግዳ ይለየዋል። የጸጉር ሠሪዋ ቴሌቪዥን ጠዋት በሩ ሲከፈት ይከፈታል፣ በሩ ሲዘጋ ይዘጋል። ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጡት ደንበኞቿ ድምፁን ስለማይሰሙ ያመለጣቸውን እሷ ጮክ ብላ ትተርክላቸዋለች። ልቧ ንጹሕ፣ አፏ ፈጣን፣ እንባዋ ደግሞ ከአፏ የፈጠነ ሴት ናት። ከሁሉም የምትወደው እሑድ ከሰዓት የሚተላለፈውን «ከእንባ ማዶ» የሚባለውን ፕሮግራም ነበር። በየሳምንቱ አንድ ተቸግሮ የኖረ ሰው ይቀርባል፣ ያለቅሳል፣ አቅራቢዋ ታቅፈዋለች፣ ጸጉር ሠሪዋም ማበጠሪያዋን ይዛ ታለቅሳለች።

አንድ ቀን ይቺው ጎረቤት እየሮጠች ወርክሾፑ ገባች።

«እትዬ! ደውዬላቸው ነበር፣ እሺ አሉኝ! ማክሰኞ ይመጣሉ!»

እትዬ ምስማር ምስማሮቹን ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ ተፋቻቸው። «እነማን?»

«የ“ከእንባ ማዶ” ሰዎች ናቸዋ! አንቺን ሊቀርጹ!»

«እኔን? እኔ ምን ሆኜ?»

«ምን ሆኜ ትላለች እንዴ! ሴት ሆነሽ ይሄን ሁሉ ሠርተሽ! ሰው ይይሽ እንጂ።»

እትዬ ምስማር ትንሽ አሰበች። ሥራዋን ሰው ቢያይላት ምን ክፋት አለው? እንዲያውም ልቧን ደስ አላት። ሰኞ ወርክሾፑን ጠራርጋ፣ መዶሻዎቿን በቁመታቸው ሰቅላ፣ አረንጓዴውን ሶፋ በብሩሽ አጸዳች።

ማክሰኞ አቅራቢዋና ካሜራማኑ መጡ። አቅራቢዋ በቴሌቪዥን ከምትታየው ይልቅ ቀጭን፣ ይልቅ ወጣት ናት፤ ስልኳ በየደቂቃው ይጮኻል። የመኖሪያ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ዙሪያውን ቃኘችው።

«ቤትዎ በጣም... ሞልቷል፣ እማማ።»

«ተመስገን ነው» አለች እትዬ ምስማር።

«ለካሜራው ትንሽ ብናቀለው? ለብርሃኑም ይመቻል።»

እትዬ ምስማር ባለሙያ ናትና ባለሙያ ታከብራለች፤ እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ዘዴ አለው። አረንጓዴው ሶፋ በሁለት ሰው ሸክም ወደ ግቢ ወጣ። ቴሌቪዥኑ ከግድግዳው ወረደ። ፍሪጁ ስለከበደ ካሜራውን ከፊቱ አቁመው ከጀርባ ተዉት። እሷን የምስማር ማስቀመጫ በሆነ የእንጨት ሣጥን ላይ አስቀመጧት። ጸጉር ሠሪዋ ቀረጻውን በመስኮት ለማየት ብላ ግቢ ከወጣው ሶፋ ላይ ተንደላቃ ተቀመጠች።

«እማማ፣ በጣም የከፋዎትን ቀን ይንገሩን።»

«የከፋኝ ቀንማ ባሌ የሞተ ዕለት ነው» አለችና፣ እንዴት እንደታመመ፣ እንዴት እንደቀበረችው በአጭሩ ተናገረች። ድምፅዋ ዝቅ አለ እንጂ አላለቀሰችም፤ ያንን ለቅሶ በጊዜው አልቅሳ ጨርሳዋለች።

«የተራቡበት ጊዜስ አለ?»

«አለ እንጂ! አሁን። ምሳ ሰዓት አለፈ እኮ።»

ካሜራማኑ ሳቁን ሲያፍን ካሜራው ተንቀጠቀጠ። እሷም ሳቅ ካየች አትቻልም፤ የሰው ሰራሹን ጥርስ ታሪክ አመጣችው። አንድ ሽማግሌ ሰው ሰራሽ ጥርሳቸው ጠፍቶ፣ «የሰረቀችኝ እህቴ ናት» ብለው ሁለት ዓመት ከእህታቸው ተኳረፉ። ሶፋቸው እድሳት መጥቶ ስትቀደው ጥርሱ ከስፖንጁ ሥር ተቀምጦ ይስቅባታል። በሳሙና አጥባ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ወንድምና እህትን ራሷ አስታረቀቻቸው። «ሽማግሌው ጥርሳቸውን አጥልቀው መጀመሪያ የተናገሩት ቃል ምን ይመስላችኋል? “ሶፋው ላይ ተቀምጬ ሥጋ ስበላ ነው የወለቀው” ብለው አመኑ!» አቅራቢዋ ራሷ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች፤ ከዚያ ሰዓቷን አይታ ፊቷን ኮስተር አደረገች።

«አሁን ሥራ ላይ እንቅረጽዎት።»

እትዬ ምስማር አንድ አሮጌ ወንበር ገልብጣ ሆዱን ቀደደችው። የሃያ ዓመት አቧራ ቡን ብሎ ወጣ። አስነጠሳት፣ ዓይኖቿ እንባ ሞሉ፣ በክንዷ ጠረገች፣ ደግሞ አስነጠሳት። ካሜራው ቀረብ አለ። አመስግነዋት ሄዱ፣ እሷና ጸጉር ሠሪዋ ሶፋውን እየጎተቱ መለሱት።

እሑድ ጸጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። እትዬ ምስማር ከፊት ወንበር ተሰጣት። ፕሮግራሙ ሲጀመር ሐዘን የሚያንጎራጉር ሙዚቃ መጣ፤ ቀጥሎ አንድ ባዶ ክፍል ታየ።

«ይሄ የማን ቤት ነው?» አለች።

የራሷ ነው። ቢጫው ግድግዳ ግራጫ ሆኗል። በመሃሉ አንዲት ጎባጣ ሴት ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። የአቅራቢዋ ድምፅ «ኑሮ የደቆሳት፣ ጎኗን የምታሳርፍበት እንኳ የሌላት እናት» ይላል። ምስማር ከንፈሯ ላይ ይታያል፤ ድምፁ «ሕመሟን በጥርሷ ነክሳ» ይላል። «የተራቡበት ጊዜስ አለ?» ይጠየቃል፤ «አለ እንጂ» ትላለች፤ እዚያ ላይ ይቆረጣል። ከዚያ ስለ ባሏ ስትናገር የገዛ ድምፅዋ ይሰማል፤ ምስሉ ላይ ግን እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፣ በክንዷ ትጠርገዋለች። ጥርሱ የለም፣ ሽማግሌው የለም፣ ሳቁ የለም።

ጸጉር ቤቱ ውስጥ ያልተነፋረቀ ሰው አልነበረም። ጸጉር ሠሪዋ እየተንሰቀሰቀች አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«እትዬ! ይሄን ሁሉ ችለሽ ነው?»

«የቱን?»

«ይሄን!»

«አንቺ ሴትዮ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ቤቴ ትገቢ የለም እንዴ! ሶፋው ላይ ተቀምጠሽ ስታዪ አልነበረም?»

ጸጉር ሠሪዋ አፍንጫዋን ጠረገች። «እሱስ እውነትሽን ነው... ግን እንዲህ ሆኖ ሳየው...»

እትዬ ምስማርን ከዚያ ቀን ሁሉ የገረማት ይሄ ነበር። ሌላው ቤቷን አይቶ ስለማያውቅ ነው፤ ይቺ ግን የገዛ ዓይኗን ትታ ስክሪኑን አመነች።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ሁለት ከረጢት አሮጌ ልብስ ተቀምጦ አገኘች። ማክሰኞ አንዲት የማታውቃት ሴት መንገድ ላይ እጇን ይዛ አለቀሰችባት። «ደህና ነኝ እኮ፣ ምንም አልጎደለብኝ» ስትል ሴትዮዋ ይበልጥ አለቀሰች፤ «ጽናትሽ!» አለቻት። ይሄ ነው ያበሳጫት። ክፉ ብትባል ክፉ አለመሆኗን በሥራ ታሳያለች፤ ድሃ ብትባል ቤቷን ከፍታ ታሳያለች፤ ደስተኛ መሆኗን ግን በምን ታስረዳ? በሳቀች ቁጥር «ሐዘኗን ስትደብቅ» ይሏታል።

ረቡዕ ደግሞ የአሥራ ስድስት ወንበር ሥራ ሊሰጣት የነበረው የእንግዳ ማረፊያ ኃላፊ ደወለ። «እትዬ፣ አይተን አዘንን። እርስዎ ይረፉ፤ ወንበሮቹን ለሌላ ሰጥተናል።» ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አውራ ጣቷን በመዶሻ መታች።

በማግሥቱ ልጇ ደወለ።

«እማዬ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

«ምን አደረግከኝ ደግሞ?»

«የሚስቴ ቤተሰቦች አይተውት... “እናቱን ሣጥን ላይ ያስቀመጠ ልጅ ለልጃችን ምን ይሆናል” አሉ። አውቶቡስ ላይ ተሳፋሪ ሳይቀር ያወቀኝ አለ።»

«ጌታዬ፣ ያንተ ፍሪጅ እኮ ከካሜራው ጀርባ ነበር!»

«ከጀርባ ያለውን ማን ያየዋል፣ እማዬ?»

ስልኩን ስትዘጋ ሽርጧን ፈታች። በሷ የመጣውን ልትስቅበት ትችላለች፤ በልጇ የመጣውን ግን አትችልም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም አለች በሆዷ፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ አውቶቡስ ያዘች።

የቴሌቪዥን ጣቢያው ሕንፃ በመስተዋት የተሸፈነ ረጅም ነው። ዘበኛው ሲያያት ከወንበሩ ብድግ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ፤ የማዘን አወላለቅ ነው። በእንግዳ መቀበያው አንድ ሰዓት ተቀመጠች። ሶፋው ከፊት ሲታይ ያብረቀርቃል፣ ከጎኑ ግን ተተርትሮ ስፖንጁ ብቅ ብሏል፤ እጇ እንዳይነካው ከለከለችው። አንድ ጆሮ ማዳመጫ በአንገቱ ያንጠለጠለ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ውሃ ሊቀዳ ሲያልፍ አያትና ቆመ።

«እርስዎ... የጥርሱ ታሪክ!»

እሷም ቆመች። «አንተ ጥርሱን ከየት አወቅከው? አልታየም እኮ!»

ሰውዬው ፊቱ ቀላ። ፕሮግራሙን የሚቆርጠውና የሚቀጥለው ኤዲተር እሱ ነበር። ሦስት ጊዜ መልሶ አይቶ ሦስት ጊዜ እንደሳቀ፣ ለሚስቱም እንደነገራት ነገራት። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብቷት ከስክሪኑ ፊት አስቀመጣትና የተቀረጸውን እንዳለ አሳያት። እትዬ ምስማር ራሷን አየች፤ ቢጫ ግድግዳዋን፣ እጆቿን እያወናጨፈች ስትተርክ፣ ስትስቅ። አብራ ሳቀች።

«ታዲያ ይቺ ሴትዮ የት ሄደች?»

«ቆረጥኳት» አለ ኤዲተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መጀመሪያ ያዘጋጀሁት ከነሳቅዎ ነበር። አለቆቼ አዩትና “እንባው የታለ?” አሉኝ። ፈለግኩ፣ አንድ ቦታ ላይ አገኘሁ።»

«አቧራ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ። ማስነጠስዎን ድምፁን አጥፍቼ ነው ያስገባሁት።»

እትዬ ምስማር ትቆጣለች ብሎ አንገቱን ሰብሮ ጠበቀ። እሷ ግን መሣሪያዎቹን፣ ጠባቧን ክፍል፣ ሰውዬው የተቀመጠባትን የጎበጠች ወንበር ታይ ነበር።

«ስማኝ ልጄ» አለች። «እኔም ቆራጭ ነኝ። ደንበኛ ቀይ አልብሺልኝ ካለ ቀይ አለብሳለሁ፤ ባይጥመኝም። ግን ሶፋ አምጥቶ “ይሄ አልጋ ነበር በይልኝ” ቢለኝ አልልለትም። አንተስ እንቢ አትልም?»

ኤዲተሩ ለራሱ የቀዳውን ውሃ አቀበላት።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና አቅራቢዋ ገባች፤ እሷን ስታይ ፊቷ በራ።

«እማማ! ልንደውልልዎ ነበር እኮ! ሰው እንዴት እንደወደደዎት! የቤት ዕቃ መደብር ያለው አንድ ነጋዴ አይቶዎት፣ ሣጥን ላይ መቀመጥዎ አንጀቱን በልቶት፣ አዲስ ሶፋ ሊሰጥዎት ነው! በሚቀጥለው እሑድ እዚሁ ስቱዲዮ፣ በቀጥታ ሥርጭት!»

እትዬ ምስማር «እኔ እኮ ሶፋ...» ብላ ጀመረችና አቆመች። ወደ ኤዲተሩ ዞረች።

«ቀጥታ ሥርጭት ማለት እንዴት ነው?»

«እየተናገሩ ሳለ በየቤቱ ይታያል ማለት ነው።»

«አንተ የምትቆርጠው ነገር የለም?»

ኤዲተሩ ጣሪያውን አየ። «የለም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እመጣለሁ» አለች።

እሑድ ከሰዓት ስቱዲዮው ገባች። በቴሌቪዥን ዘወትር የምታየው የድንጋይ ግድግዳ ቀለም የተቀባ ጣውላ ነው፤ ከጀርባው በሁለት ምስማር ብቻ ተይዟል። ሰባ የሚሆኑ ተመልካቾች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንዲት ሴት ከካሜራዎቹ ጎን ቆማ እጇን ስታነሳ ያጨበጭባሉ፣ ስታወርድ ያቆማሉ። በመሃል ትልቅ ሪባን የታሰረለት ክሬም ሶፋ ተቀምጧል። ነጋዴው ሙሉ ልብስ ለብሶ ከጎኑ ቆሟል።

አቅራቢዋ ሦስት ደቂቃ ተናገረች፤ ነጋዴው አንድ ደቂቃ። ሴትዮዋ እጇን አነሳች፣ ሰው አጨበጨበ። «እማማ፣ ይቀመጡበት!»

ተቀመጠች። ሶፋው ከሥሯ «ቅጭ» አለ። ሌላ ሰው አይሰማውም፤ እሷ ግን ሐኪም የታማሚን ደረት እንደሚሰማ ሰማችው። ብድግ አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ነጋዴውን። «ከልብህ እንደሆነ አያለሁ። ግን ልጄ፣ አንድ ጊዜ ፍቀድልኝ።» ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተንበረከከችና ሶፋውን በአንድ እጇ ብድግ አድርጋ በጀርባው ገለበጠችው። ከቦርሳዋ ጉጠት አወጣች፤ ያለ ጉጠት ከቤት ወጥታ አታውቅም። የሥሩን ጥቁር ጨርቅ ገለጠችው። ካሜራማኑ ልማዱ ሆኖ ቀረብ አለ። ውስጡ በየቤቱ ታየ፤ የታጠፈ ካርቶን፣ የዕቃ ማሸጊያ ጣውላ፣ እዚህም እዚያም የተመታ የስቴፕለር ሽቦ።

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«አይ... አስመጥተነው ነው» አለ ነጋዴው ላብ እያጠመቀው።

«እኔም የገመትኩት ይሄንኑ ነው። ውስጡን ብታውቅ ለሰው አትሰጠውም ነበር። እኔ ግን ላለመቀበሌ ምክንያቱ ይሄ አይደለም። እኔ ሶፋ አለኝ። ሶፋ ሠሪ ነኝ እኮ! የዚያን ቀን ሶፋዬን ለብርሃን ብለው ግቢ አውጥተውት፣ ጎረቤቴ ተቀምጣበት ነበር። ቴሌቪዥንም አለኝ፣ ፍሪጅም አለኝ፣ ልጄ ነው የገዛልኝ። እዚያ ያላችሁ የልጄ አማቶች፣ ስሙኝ፦ ልጄ በየሳምንቱ ይደውልልኛል፣ እንኳን እናቱን ተሳፋሪውንም እንቅፋት የማያስነካ ሹፌር ነው። ያያችሁትም እንባ የሃያ ዓመት አቧራ ነው። ካላመናችሁ ወንበር ቅደዱና ሞክሩት።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ያቺ ሴት እጇን አላነሳችም፣ ሰባው ሰው ግን እያጨበጨበ ነበር፤ እሷ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ቆመች። በአቅራቢዋ ጆሮ የተሰካው ነገር ይጮኽባት እንደነበር ከፊቷ ያስታውቃል። የተጻፈላት ሁሉ ጠፋባት። ምናልባት በዚያ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጻፍላት ጠየቀች፦

«ታዲያ... ደስተኛ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ለምን?»

እትዬ ምስማር ጥያቄው ቁም ነገር ሆኖ አገኘችው። እያሰበች አፏን ከፈተች፤ በየቤቱ ያለው ሰው ግን መልሱን አልሰማም። በመሃል የሳሙና ማስታወቂያ ገባ። የሰሙት ስቱዲዮ የነበሩት ሰባው ብቻ ናቸው። እንዲህ ነበር ያለችው፦ «ሰው ሥራውን ውሎ ደክሞት ይመጣና እኔ የሠራሁት ላይ ቁጭ ሲል “እፎይ” ይላል። እኔ ባልሰማውም ይላል። በዚህ ከተማ ማታ ማታ ስንት ሰው “እፎይ” እንደሚል አስቡት እስቲ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?»

በማስታወቂያው ሰዓት አንድ ኃላፊ እየተጣደፈ ወርዶ በቃ አላት። እሷም ሄደች፤ ከመውጣቷ በፊት ግን ነጋዴውን «ሶፋውን ለጤና ጣቢያችን የተራ መጠበቂያ ስጥልኝ፣ ውስጡን እኔ እሠራዋለሁ» አለችው። ነጋዴው ተናዶ ስለነበር መልስ አልሰጣትም። በሦስተኛው ቀን ግን የሱ መኪና ሶፋውን ወርክሾፑ በር ላይ ጥሎት ሄደ፤ ሪባኑ እንኳ አልተፈታም። ካርቶኑን አውጥታ፣ ደህና እንጨትና ሞላ አስገብታ ሠራችው። ነጋዴው እስከ ዛሬ ሰላም አይላትም።

ፕሮግራሙም ቢሆን አልተለወጠም። በቀጣዩ እሑድ ሌላ ሰው ቀረበ፣ አለቀሰ፣ ታቀፈ። ጸጉር ሠሪዋም ማየቷን አልተወችም፤ ብቻ አሁን እንባዋ መምጣት ሲጀምር «ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ ሶፋው የት ነው ያለው?» ትላለች፣ ካስኩ ሥር ያሉትም ይስቃሉ። የእንግዳ ማረፊያው ኃላፊ ደውሎ ወንበሮቹ የተሰጡት ሰው እንዳበላሸባቸው አምኖ ለመናት፤ «እም» አለችው። ልጇ ደወለ፣ በሳቅ መናገር አቅቶታል። የሚስቱ አባት ራሳቸው በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አሮጌ ወንበራቸውን ጭነው ሊያሳድሱ መጥተው፣ ሦስት ቀን አረንጓዴው ሶፋ ላይ ተኝተው፣ ወገባቸው እንደተሻላቸው እየማሉ ሄዱ። ኤዲተሩም አንድ ቀን የተቀመጠባትን ጎባጣ ወንበር በታክሲ አምጥቶ አስጠገነ። አሁንም እዚያው ነው የሚሠራው፤ ግን ሁለት ጊዜ እንቢ ማለቱን እየፈራም እየኮራም ነገራት።

ከሁሉ ያልጠበቀችው እንግዳ ከወር በኋላ አንድ ሐሙስ ከሰዓት መጣች። አቅራቢዋ ናት፤ ካሜራ የለ፣ ሜካፕ የለ። «አለቆቼ ተቆጥተውኝ ነበር» አለች፣ «ግን ፕሮግራሙን የዚያን ዕለቱን ያህል ሰው አይቶት ስለማያውቅ አላባረሩኝም።» «ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» ብላ ጀመረችና ቃላቱ አልወጣላት አለ። በቴሌቪዥን እንዲያ እንደ ውሃ የሚፈስላት ልጅ ተንተባተበች።

«ተይው፣ ገባኝ» አለች እትዬ ምስማር። «አንቺም እንጀራሽ ነው። ቁጭ በይ፣ ሻይ ላፍላ።»

ልብሱ ያላለቀ አንድ ባለ እጀታ ወንበር ነበር፤ አቅራቢዋ እዚያ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ምስማር ሻዩን ይዛ ስትመለስ ልጅቷ አንገቷን ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል። ስልኳ ጭኗ ላይ ይንቀጠቀጣል። እትዬ ምስማር ስልኩን አንስታ ስፖንጅ መሃል ቀበረችው። መዶሻውን ትታ የመርፌውን ሥራ ያዘች፤ መርፌ አይጮኽም።

ጥቂት ቆይቶ ጸጉር ሠሪዋ እንደ ልማዷ ዘው ብላ ገባች፤ ወንበሩን አይታ በድንጋጤ አፏን ያዘች።

«እትዬ!» አለች በሹክሹክታ። «ያቺ ናት እንዴ?»

«ቀስ በይ፣ ደክሟታል።»

ጸጉር ሠሪዋ ተጠግታ የተኛችውን ልጅ ፊት፣ ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት፣ የተነከሰውን ጥፍሯን ለረጅም ጊዜ አየች።

«ምስኪን» አለች። «በቴሌቪዥን ግን ምንም የጎደለባት አትመስልም።»

እትዬ ምስማር መርፌዋን አንድ ጊዜ ስባ የጨርቁን ጫፍ ዘረጋችላት።

«እስቲ ከወዲያ ያዢልኝ። እንዳይሸበሸብ፣ ወጠር አድርጊው።»